ዛሬ መንገዱ ዘገየ

ባለፈው ቅዳሜ ከልጄ ጋር በቦሌ በኩል ስንሄድ እግሬ ስር አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ አዲስ በተሠራው የእግረኛ መንገድ መሀል ለመሀል ቢጫ ንጣፍ ተዘርግቷል። ላዩ ሽንብራ የተበተነበት ይመስል እብጥ እብጥ ያለ ነው። የጫማዬ ሶል ስላለቀ አንድ በአንድ ተሰማኝ።

«ምን ዓይነት ሥራ ነው ይሄ? ሰው ያደናቅፋል እኮ» አልኩ።

«እማዬ ደግሞ! ለዓይነ ስውራን ነው። በእግራቸው እያወቁት እንዲሄዱ ነው» አለችኝ ልጄ፣ ስልኳን እያየች።

ባለሁበት ቆምኩ። ልጄ ጉልበቴ የተነሳብኝ መስሏት ክንዴን ያዘች። ጉልበቴ አልነበረም። ግራ ትከሻዬ ላይ የማውቀው ክብደት ያረፈ መሰለኝ፤ ከዚያም የእርጥብ አፈርና የአተላ ሽታ መጣ።

እናቴ ዓይነ ስውር ነበረች። ዓይኗ የጠፋው እኔ ጡት ሳልጥል ስለሆነ መልኬን የምታውቀው በእጇ ነበር። አባቴ ቀደም ብሎ ሞቷል። መንገድ የሚመራት ታላቅ ወንድሜ ነበር፤ እሱን ለብሔራዊ ውትድርና ሲወስዱት እኔ አራተኛ ክፍል ነበርኩ። በማግስቱ ጠዋት እናቴ በሩ ላይ ቆማ እጇን ዘረጋች፤ የወንድሜን ትከሻ በለመደችበት ከፍታ። ደብተሬን አስቀምጬ ሄድኩና ከእጇ ስር ገባሁ። እጇ አየሩን ይዞ ቆየና ዝቅ፣ ዝቅ እያለ መጥቶ አገኘኝ።

«አጠርሽብኝ» አለችና ሳቀች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርት ቤት ቀረሁ።

የምንኖረው ከቦሌ ሚካኤል ወረድ ብሎ፣ ጭቃ ቤቶች ተጠጋግተው በተሠሩበት ሰፈር ነበር። አድራሻችን ቦሌ ይባል እንጂ አስፋልቱን የምናየው ከሩቅ ነው። አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ የጣሪያችን ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጸጥታ ከሌላው ጸጥታ ይበልጥ ነበር። እናቴ የምትሠራው ሰፈሩ መጨረሻ ላይ ባለው የሸማኔዎች ማኅበር ነው። ሸማኔዎቹ በመወርወሪያ የሚያስገቡትን ክር በቀሰም ላይ ታጠነጥናለች።

ችግሩ ሰዓቱ ነበር። የማኅበሩ በር የሚከፈተው ትምህርት ቤቱ በሩን በሚዘጋበት ሰዓት ነው። ማኅበሩ ከሰፈሩ በታች፣ ትምህርት ቤቱ ከአስፋልቱ ማዶ። ለዘገየ ተማሪ ደግሞ በር አይከፈትም። ከሰዓት በኋላ ሄጄ ላመጣት እችል ነበር፤ የያዘችኝ የጠዋቷ መንገድ ናት። ጎረቤት አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ይወስድልናል፤ በየጠዋቱ ግን ሁሉም የየራሱ ጣጣ አለበት።

የሰፈሩ ልጆች ዩኒፎርማቸውን ለብሰው ወደ ላይ ሲሮጡ እኔና እናቴ ወደ ታች እንወርዳለን። ትከሻዋ ላይ የሰው እጅ ያለ ልጅ አትሮጥም። አትዘልም። ዞር ብላ እንኳ አታይም፤ ዞር ካለች እጁ ይወርዳል። ልጆቹ መጀመሪያ መጀመሪያ ስሜን ይጠሩኝ ነበር። በኋላ ተዉኝ። መልስ የማትሰጥ ልጅን እስከ መቼ ይጠሯታል? እኔ ዓይኔ መሬት ላይ ነበር፦ «ጉድጓድ፣ እማ»፣ «ዝቅ በይ፣ ሽቦ አለ»፣ «ውሃ፣ በቀኝ»። እስከዛሬም ዓይኔ እዚያው ቀርቷል። ልጆቼን አንድ ቀን «ሰማዩን እዩ» ብያቸው አላውቅም፤ «እግራችሁን እዩ» ብቻ። «ትራፊኳ» ይሉኛል። ይበሉኝ።

አንድ የክረምት ቀን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ እናቴ እንዝርቷን አስቀመጠችና «መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ትመለሻለሽ» አለችኝ።

«አንቺስ?»

«እኔን መንገዱ ይወስደኛል።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ዝናቡ ሲያባራ ስስ የላስቲክ ጫማዋን አደረገችና «ዛሬ አትንገሪኝ። እኔ እነግርሻለሁ» አለች።

የእኛ ሰፈር በክረምት ጭቃው እግር ይውጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት ከደጁ ፊት ለፊት መረማመጃ ድንጋይ ያኖር ነበር። ማንም አያዝዝም፤ ክረምቱ ሲገባ ሁሉም ያገኘውን ይጥላል። አንዱ ጥርብ ድንጋይ፣ አንዱ የተሰበረ ብሎኬት፣ ጠላ ሻጯ ጎረቤታችን የወፍጮ ድንጋይ ግማሽ። የድንጋዮቹ ርቀት ባስቀመጣቸው ሰው እርምጃ ልክ ነው። እናቴ ይህን በእግሯ ታነበው ጀመር።

«አሁን ጠላ ሻጯ ደጅ ደረስን። አጭር ስለሆነች ድንጋዮቿ ተጠጋግተዋል።»

ጠላ ሻጯ ከውስጥ ሆና ሰማቻት። «እኔን ነው አጭር የምትይኝ? አይተሽኝ ታውቂያለሽ?»

«ድንጋይሽ ነገረኝ!»

ሁለቱም ሳቁ። ከጠላ ሻጯ የአተላ በርሜል አለፍ ሲል፣ ሲረግጡት የሚንገዳገድ ሰፊ ድንጋይ አለ። እሱን ስትረግጥ «ይሄ ሰካራም እዚሁ ነው?» ትላለች። ከዚያ በኋላ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ወደ ግራ የታጠፈው ማኅበሩ ዘንድ ያደርሳል፤ ቀጥ ያለው ሰፈሩን ዞሮ ወደ አስፋልቱ ይወጣል። መታጠፊያው ላይ አንድ የባሕር ዛፍ ጉቶ ነበር። ሰፈርተኛው ሁሉ ይደናቀፍበትና ይረግመዋል። እናቴ ግን በጫማዋ ጫፍ ነካ ታደርገውና «እንደምን አደርክ» ብላው ወደ ግራ ትታጠፋለች።

ያንን መንገድ ከሁሉም አብልጦ የሚጠላው አስር አለቃው ነበር። ከእኛ ቀጥሎ ባለው ቤት የሚኖር፣ ከጦር ግንባር አንድ እግሩን አጥቶ የተመለሰ ወጣት ነው። በማኅበሩ በር ላይ ሲጋራና ማስቲካ ይሸጣል። ክራንቹ ድንጋዩ ላይ ይንሸራተታል፣ በድንጋዮቹ መሀል ሲያደርገው ደግሞ ይሰምጣል። አንዴ ወድቆ ሲጋራው ሁሉ ጭቃ ውስጥ ሲበተን አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ክረምት ሲሆን በአስፋልቱ በኩል ዞሮ ነው የሚሄደው፤ ላብ አጥምቆት ይደርሳል።

«ፈንጂ እንኳ ሲረግጡት ነው የሚጥለው» ይላል። «እነዚህ ድንጋዮች ሳይረገጡም ይጥላሉ!»

እናቴ ትስቃለች። «እኔን ደግሞ ይደግፉኛል፣ አስር አለቃ።»

ነሐሴ ሲያልቅ ብቻዋን መሄድ ቻለች። ከኋላዋ እከተላት ነበር። «ኮቴሽን አርቂው፣ ይበጠብጠኛል» ትለኛለች፤ ወደ ኋላ እቀራለሁ። አንድ ጠዋት ያለ ምንም ስህተት እስከ ማኅበሩ ደረሰች። የበሩን ብረት ስትነካ እጇን እዚያው ተወችው፣ ብረቱን እንደ ሰው ጉንጭ እየዳበሰች። ወንድሜ ከሄደ ጀምሮ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። እኔም ቤት ስገባ ዩኒፎርሜን አውጥቼ አጠብኩ። አጥሮኝ ነበር፤ ጠርዙን ፈትተን አስረዘምነው።

ጳጉሜን ሲገባ እንደ ሁልጊዜው ለዓይኗ ጸበል ሄድን። እኛ እዚያ እያለን ቀበሌው ለአብዮት በዓል ሰፈሩ እንዲጸዳ ዘመቻ ጠራ። ጎረቤቶቻችን አካፋና ዶማ ይዘው ሲወጡ አንድ ሐሳብ መጣላቸው። ያቺ ሴትዮ ከመስከረም ጀምሮ ብቻዋን ልትሄድ ነው። እንዳትደናቀፍ መንገዱን እናስተካክልላት።

በዕንቁጣጣሽ ዋዜማ ስንመለስ መንገዱ አፍ ላይ ቆመው ጠበቁን።

«እትዬ፣ ይርገጡት እስቲ!» አለ አስር አለቃው።

«ምኑን?»

«መንገዱን ነዋ! እንደ ቦሌ አስፋልት አድርገንልዎታል።»

«ጉቶውን የነቀለው እሱ ነው» አለች ጠላ ሻጯ። «መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ሱሪው ጭቃ በጭቃ እስኪሆን! ተው ብንለው እምቢ አለ።»

«ለእርስዎም ለእኔም ብዬ ነው። በአንድ እግር ጉቶ ከመዝለል ተገላገልኩ!»

አየሁት። ጭቃው በገረጋንቲ ተሸፍኗል። አንድም ድንጋይ የለም። የአተላው በርሜል ሽታው እንዳያስቸግራት ብለው ወደ ጓሮ ወስደውታል። ጉቶው የነበረበት ቦታ ተሞልቶ ተረግጧል። ያማረ መንገድ ነበር። ማንም ቢሆን ይወደዋል።

እናቴ አንድ እግሯን አስቀደመች። ከዚያ ሌላኛውን። ሰው ከረጢት ውስጥ የወደቀ መርፌ እንደሚፈልግ እግሯ ወዲያና ወዲህ መሬቱን ፈለገ። ጣቶቿ ትከሻዬን ጨመቁት። ፊቷ ግን ፈገግ እንዳለ ነበር።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች። «ምን ልበላችሁ? በዚህ ላይ ሕፃንም ይሄድበታል።»

ቤት ስንገባ «አልሄድም፣ እማ። ትምህርቱ ይቅር» አልኳት።

«ይህ ሁሉ ሰው ደክሞልኝ? ትሄጃለሽ።»

«በምን ታውቂዋለሽ?»

«አልኩሽ እኮ። መንገዱ ይወስደኛል።»

ትምህርት የተከፈተ ቀን በሩ ላይ ተለያየን። እሷ ወደ ታች፣ እኔ ወደ ላይ። ዞር ብዬ ሳያት ቀጥ ብላ፣ ቀስ ብላ ትሄድ ነበር። ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይሸታል፤ አዲስ የተቀባ ወንበር ይሸታል። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ስሜን ጠየቀችኝ። መምህሩ ምን እንዳስተማሩ አላስታውስም። የማስታውሰው ግራ ትከሻዬን ነው። ቅልል ብሎኝ ቀጥ ብዬ መቀመጥ አቃተኝ።

ስድስት ሰዓት ላይ ስንለቀቅ ወደ ማኅበሩ በረርኩ። አስር አለቃው በሩ አጠገብ ሲጋራውን ዘርግቶ ተቀምጧል።

«እናቴ ገባች?»

«ዛሬ አልመጡም እኮ። አሟቸው ነው ብዬ…» አለና ቃሉን ሳይጨርስ ፊቱ ተለወጠ። ክራንቹን ለማንሳት ሲቸኩል ሲጋራው ተበተነ፤ አልሰበሰበውም።

እሱን ወደ ኋላ ጥዬው ሮጥኩ። ጉቶው የነበረበት ቦታ ስደርስ ገባኝ። መታጠፊያውን የሚነግራት ነገር አልነበረም። ቀጥ ብላ አልፋለች። ቀጥ ያለውን ይዤ አስፋልቱ ላይ ወጣሁ። መኪናዎች እየጮሁ ያልፋሉ። አስፋልቱ ዳር፣ አንድ የመብራት ምሰሶ አጠገብ እናቴ ቆማለች። መዳፏን ምሰሶው ላይ አድርጋለች። ነጠላዋ አቧራ ለብሷል፣ ፊቷን ፀሐይ አቃጥሎታል። ሰው ቀጥራ የምትጠብቅ ትመስላለች።

«እማ!»

«ተለቀቃችሁ?» አለችኝ፣ ከሁሉም በፊት።

«ለምን ሰው አልጠራሽም?» እያለቀስኩ ነበር።

«ሰው ብጠራ አንቺ ዘንድ ይመጣሉ። ከክፍል ያስወጡሻል። የመጀመሪያ ቀንሽ ነው።» እጇን ከምሰሶው ላይ አነሳች፤ መዳፏ ጥቁር ሆኗል። «ይሄን ይዤ እስክትለቀቁ ጠበቅኩ።»

ያን ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ጎረቤቶቹ ድንጋዮቹን ከተጣሉበት ጉድባ እየተሸከሙ መለሷቸው። ማንም ማንንም አልወቀሰም። ግን ቦታቸውን የሚያውቅ ጠፋ።

«የእኔ የወፍጮ ድንጋይ እዚህ ነበር» ትላለች ጠላ ሻጯ።

«የለም፣ ከዚያ ወዲህ ነው» ይላል አስር አለቃው። «በየቀኑ እየሰደብኩት የማላውቀው ይመስልሻል?»

«ስትሰድበው እንጂ መች አየኸው?»

ያ የሚንገዳገደው ድንጋይ ተገኘ፤ አሁን ግን ገረጋንቲው ላይ ልክክ ብሎ ተቀመጠ። አስር አለቃው መሬት ላይ ተቀምጦ ከስሩ አፈር እየጫረ እንዲነቃነቅ ሊያደርገው ሞከረ። ሲነሳ ክራንቹ በሁለት ድንጋይ መሀል ተያዘና በጎኑ ወደቀ። ድምፁን እናቴ ሰማች።

«አስር አለቃ፣ አንተ ነህ የወደቅኸው?»

«ደህና ነኝ፣ እትዬ።»

«ይሄ ሁሉ ድንጋይ ተመልሶ አንተ በየት ልትሄድ ነው?»

«እኔማ በአስፋልቱ እዞራለሁ። ለምጄዋለሁ።»

እናቴ ወጥታ አጠገቧ ያሉትን ድንጋዮች በእግሯ ነካ ነካ አደረገች። «አንሱት» አለች በኋላ። «ለእኔም እንደ ድሮው አልሆነ፤ እሱን ለምን ይጥለዋል?» ሰዎቹ እንደገና ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አነሷቸው።

በማግስቱ ጠዋት ዩኒፎርሜን አልለበስኩም። እናቴም ልበሺ አላለችኝም። እጇን ልትዘረጋ ስትል ከደጅ ድምፅ መጣ። ቋ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና፣ ቋ። አስር አለቃው የክራንቹን የጎማ ጫፍ አውልቆ ብረት ሰክቶበታል። ገረጋንቲው ላይ ሲያርፍ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል።

«እትዬ፣ እኔ ፊት ፊት እሄዳለሁ። እርስዎ ድምፁን ይከተሉ።»

እናቴ አመነታች። ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ በወጣት ወንድ ክንድ ተደግፋ ብትሄድ ሰፈሩ ዝም አይልም። እሱም ገብቶታል። «እጅዎን አልይዝም። እኔ ወደ ሥራዬ ነው የምሄደው፤ እርስዎም ወደ ሥራዎ» አላት።

«አንተ ልጅ…» አለች እናቴ። ጆሮዋን ወደ ድምፁ አዘነበለች፣ አንድ እርምጃ ሄደች። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ «ሂጂ ልበሺ! በሩ ሊዘጋብሽ ነው» ብላ ጮኸችብኝ።

ያን ዓመት ሮጥኩ። ጠዋት ወደ ላይ ስሮጥ ከበስተኋላዬ ያ ብረት ይሰማኛል፤ ቋ፣ ቋ፣ በመሀሉ የእናቴ ሳቅ። «ዛሬ ፈጥነሃል፣ ሴት ልጅ ቀጥረሃል?» ስትለው ሰምቻታለሁ። አራተኛ ክፍልን ጨረስኩ። አምስተኛ ገባሁ። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ደብተሯ ላይ ስሜን በቀይ እስክሪብቶ ጽፋ አበባ ሳለችበት።

ቅዳሜ ዕለት በዚያ ቢጫ ንጣፍ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ጥቂት ሄድኩ። «እማዬ፣ ሰው እያየን ነው» አለችኝ ልጄ። ንጣፉ ከመንገዱ ጥቂቱን ብቻ ነው የያዘው፤ በግራና በቀኙ ለጥ ያለ ቦታ አለ። ለእናቴም ለአስር አለቃውም ይበቃ ነበር። ትንሽ እንደሄድን አንድ መኪና ንጣፉ ላይ ቆሞ አገኘን። ልጄ ክንዴን ይዛ አዞረችኝ።

የአምስተኛ ክፍል ሁለተኛው መንፈቅ እንደጀመረ፣ አንድ አመሻሽ ላይ ቦኖ ውሃ ጋ ጠላ ሻጯን አገኘኋት። አስር አለቃውን ወስደውታል አለችኝ። አካላቸው ለተጎዳ ወታደሮች ከአዲስ አበባ ውጭ ሰፈር ተሠርቷል፣ ከሰዓት በኋላ መኪና መጥቶ ጭኖት ሄደ። ልብሱን ለመያዝ እንኳ በቂ ጊዜ አልሰጡትም። «እናትሽን ደህና ሁኚ በሉልኝ ብሏል» አለችኝና መቀነቷን መልሳ አጠበቀች። ጀሪካኔን ተሸክሜ ቤት ገባሁ። እናቴ እያንጎራጎረች ጥጥ ትፈትል ነበር። አፌ እምቢ አለኝ።

ጠዋት እንደ ሁልጊዜው ነጠላዋን ተከናንባ ደጅ ላይ ቆመች። ፊቷን ወደ መንገዱ አድርጋ፣ ጆሮዋን አዘንብላ። እኔ ዩኒፎርሜን ለብሼ፣ ደብተሬን ይዤ ከኋላዋ ነበርኩ። አንድ አውሮፕላን አለፈ፣ ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ያ ጸጥታ መጣ። ጠበቀች። የሰፈሩ ልጆች እየተጯጯሁ ወደ ላይ ሮጡ።

«ዛሬ መንገዱ ዘገየ» አለች።

ዝምታዬን ሰማችው መሰለኝ፤ ትከሻዋ ቀስ ብሎ ወረደ። ደብተሬን መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩና ወጥቼ ግራ ትከሻዬን ከእጇ ስር አደረግኩ። ሳንነጋገር ወደ ታች ወረድን። እጇ ትከሻዬ ላይ ነበር፣ ክብደቱ ግን አልነበረም። እንዳይከብደኝ ብላ፣ እስከ ማኅበሩ በር ድረስ፣ እጇን አንጠልጥላው ሄደች።